ስለ ተረከዝ ሕመም፤ የተለመደው ሕክምና አልረዳ ሲል ምን ይደረጋል?

ሰው ከጧት እስከ ማታ የሚሸከመውን እግሩን የሚያስታውሰው ሲያመው ብቻ ነው። ራስ ሲያም በሻሽ ይታሰራል፤ ጥርስ ሲያም ይነቀላል፤ ተረከዝ ሲያም ግን ሰው እያነከሰም ቢሆን ወደ ሥራው ይሄዳል፤ «ዛሬ ነገ ይለቀኛል» እያለም ወር በወር ላይ ይጨምራል። የክፍል ጓደኞቼ ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ጠፈርና ስለ ኮምፒዩተር ሲጽፉ እኔ ስለ ተረከዝ እጽፋለሁ ማለቴ አንዳንዶቹን አስቋቸዋል። ነገር ግን ይህ ጕዳይ ከቤታችን ገብቶ ከእኛ ጋር የኖረ ስለ ሆነና ከርሱም የተማርሁት ለሌላው ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስለማምን፥ ውድ አንባብያን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲከተሉኝ እለምናለሁ።

እናቴ የምትተዳደረው እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። ሌሊት በ10 ሰዓት ትነሣለች፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አሙቃ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ በቀጭን ነጠላ ጫማ ቆማ ትጋግራለች። ካቻምና በሚያዝያ ወር አንድ ሌሊት ከአልጋዋ ወርዳ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትራመድ ቀኝ ተረከዟን እንደ ምስማር የሚወጋ ነገር ተሰማት። ጥቂት ወዲያና ወዲህ ካለች በኋላ ሕመሙ ቀለል አለላት፤ ቀን ግን ተቀምጣ ቈይታ ስትነሣ እንደ ገና ወጋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ በየዕለቱ ሆነ።

መጀመሪያ እግሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፈዘፈች። ቀጥላ ወጌሻ አስጠርታ አሳሸች፤ ነገር ግን ወጌሻው አጥብቆ ሲያሻት የባሰ አመማት እንጂ አልተሻላትም። ከዚያም የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ዋጠች። ክረምቱ ሲወጣ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ በጥቅምት፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሦስት ጊዜ ተረከዟን መርፌ ተወጋች። እያንዳንዱ መርፌ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ያህል ካሳረፋት በኋላ ሕመሙ እንደ ነበረው ተመለሰ። በጥር ወር ራጅ ተነሣችና «ከተረከዝሽ ሥር አጥንት በቅሏል፤ በቀዶ ጥገና ካልተቈረጠ አይለቅሽም» ተባለች።

ራጁን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቼ ያየሁት እኔ ነበርሁ። በእውነትም ከተረከዙ አጥንት ሥር እንደ እሾህ ወደ ፊት የወጣ ነገር ይታያል። በሥነ ሕይወት ትምህርት ጥሩ ነጥብ ስለማገኝ በቤታችን እንደ ዐዋቂ እቈጠራለሁና፥ «እንግዲህ ምን ይጠበቃል? ቶሎ ይቈረጥ» ብዬ የፈረድሁት እኔው ነኝ። ገንዘቡም ሩቅ አልነበረም፤ እናቴ ሦስተኛ ምጣድ ልትገዛበት ያሰበችው የዕቁብ ገንዘብ በየካቲት ሊደርሳት ነበር። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚባለው እንደኔ ላለው ሰው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

አንዲት ነርስ የሆነች ጎረቤታችን «ከመቈረጥሽ በፊት ሌላ ሐኪም ይይሽ» ብላ ስለ መከረቻት እናቴን ይዤ ወደ አንድ የአጥንት ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሙ ራጁን ተመልክተው ወደ ጎን አኖሩትና እንዲህ ሲሉ ጠየቋት፦

«እናቴ፥ እስካሁን ምን ምን አደረጉለት? እያንዳንዱንስ ለስንት ጊዜ?»

እናቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀን ሰው አልነበረምና። እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጥያቄው የሚገባውን መልስ እንዲያገኝ ነው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

ከተረከዛችን አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግራችን በኩል እስከ ጣቶቻችን ሥር የሚዘረጋ ጠንካራና ሰፊ ጅማት አለ። ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ የውስጥ እግር ጅማት እለዋለሁ። የእግራችን አጥንቶች እንደ ደጋን ጐብጠው የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ጅማት ደግሞ ደጋኑ እንዳይዘረጋ ሁለቱን ጫፎች የሚይዝ አውታር ነው። በቆምንና በተራመድን ቍጥር የሰውነታችን ክብደት ደጋኑን ወደ ታች ሲጫነው አውታሩ ይወጠራል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን በገዛ እግርህ ልትፈትነው ትችላለህ። ተቀምጠህ ጫማህን አውልቅና የእግርህን አውራ ጣት በእጅህ ወደ ላይ ሳብ፤ በሌላው እጅህ ውስጥ እግርህን ብትዳስስ አንድ ገመድ ሲወጠር ይሰማሃል፤ የእግርህም ጕብጠት ከፍ ሲል ታያለህ። ሂክስ የተባለ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1954 ገልጾ ጽፎታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ገመድ በተሽከርካሪ ግንድ ላይ ሲጠመጠም ዕቃ እንደሚያነሣ ሁሉ፥ ጅማቱም በጣቶቹ ሥር ሲጠመጠም የእግርን ጕብጠት ያነሣል። ይህን ሥራ ሳናውቀው በየእርምጃችን እንሠራዋለን።

ታዲያ አውታሩ ከዐቅሙ በላይ ሲሠራ፥ ለምሳሌ በጠንካራ ወለል ላይ ለብዙ ሰዓት ሲቆም፥ ሩጫ በድንገት ሲበዛ፥ ወይም የሰውነት ክብደት ሲጨምር፥ ከተረከዙ አጥንት ጋር በሚያያዝበት ቦታ ይጎዳል። ስሙ ብግነት ተብሎ ሲጠራ ቢኖርም፥ በ2003 ለሞንት የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በቀዶ ጥገና የወጣ የ50 ሕመምተኞች ጅማት በማይክሮስኮፕ መርምረው ያገኙት ብግነት ሳይሆን የጅማቱ መጐሳቈልና መበላሸት ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ብግነት ቢሆን ኖሮ ማብረጃ መድኃኒት ብቻ በበቃው ነበር፤ የተጐሳቈለ ጅማት ግን እንደ ገና እንዲጠነክር ጊዜና ሥራ ይፈልጋል።

ያ በራጅ የታየው የበቀለ አጥንትስ? እኔን ያሳሳተኝ እርሱ ነው። ይህ ዓይነቱ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ተረከዝ ላይ ይገኛል፤ ተረከዛቸውን ከሚያማቸው መካከል ደግሞ ጨርሶ የሌላቸው ብዙ ናቸው። እንደ እሾህ ሥጋን የሚወጋም አይደለም። ስለዚህ እርሱን መቍረጥ ብቻውን ሕመሙን ማስወገድ አይደለም።

«አልረዳኝም» ማለት ምን ማለት ነው?

በሽተኛ «ሁሉን ሞከርሁ፥ አልረዳኝም» ሲል ሐኪሙ ወደሚቀጥለው ደረጃ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገሮችን መመርመር አለበት።

አንደኛ፤ በሽታው በእርግጥ ያ በሽታ ነውን? ተረከዝ በብዙ ምክንያት ይታመማል። የውስጥ እግር ጅማት ሕመም ምልክቱ ጧት በመጀመሪያው እርምጃ መብረቱና የተረከዙ ሥር ከውስጥ በኩል ሲጫኑት ማመሙ ነው። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ ሲጨብጡት አጥብቆ የሚያም ከሆነ ግን አጥንቱ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥል፥ የሚያደነዝዝ ወይም እንደ መርፌ የሚጠቀጥቅ ከሆነ ነርቭ ተጨምቆ ይሆናል፤ በስኳር በሽተኞችም ላይ የነርቭ ጕዳት ተመሳሳይ ስሜት ያመጣል። በወጣት ሰው ሁለቱም ተረከዞች ታመው ወገቡም ጧት ጧት የሚገትረው እንደ ሆነ የመገጣጠሚያ በሽታ መሆኑ መመርመር አለበት። ሌሊት ተኝተው እያለ የሚቀሰቅስ፥ ትኵሳት ወይም እብጠት ያለበት ሕመም ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የሚታደርለት አይደለም። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባለው ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማደግ ላይ ያለው የተረከዙ አጥንት መታመም ነው፤ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1912 የጻፈው ይህ ሕመም ሩጫና ዝላይ ሲቀነስ የሚያልፍ እንጂ መርፌም ቀዶ ጥገናም የሚያስፈልገው አይደለም። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ሁለተኛ፤ የመጀመሪያው ሕክምና በሙሉ ተደርጓልን? የእናቴ ነገር የወደቀው በዚህ ነው። ኪኒን ውጣለች፤ መርፌ ተወግታለች፤ ታሽታለች። ነገር ግን ጅማቱን የሚያፍታታና የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ከአንድ ሳምንት በላይ አልሠራችም፤ ጫማዋን አልለወጠችም፤ የቆመችበትን ወለል ማንም ልብ አላለውም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሰምተው «እንግዲያስ ሕክምናው አልረዳም አይባልም፤ ገና አልተጀመረም» አሉን።

ይህ የመጀመሪያ ሕክምና ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልግለጽ። በ2003 በአሜሪካ የታተመው የዲጆቫኒና የባልደረቦቹ ጥናት አንድ ቀላል እንቅስቃሴ ጠቃሚ ሆኖ እንደ ተገኘ ይገልጻል፤ ይኸውም ጧት ከአልጋ ከመውረድ በፊት የታመመውን እግር በሌላው ጕልበት ላይ አድርጎ ጣቶቹን በእጅ ወደ ቅልጥም መሳብ፥ 10 እስኪቈጠር መያዝ፥ 10 ጊዜ መደጋገም፥ በቀንም 3 ጊዜ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ማጠንከር ነው። በዴንማርክ አገር ራትሌፍና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት የ48 ሕመምተኞች ጥናት፥ የተጠቀለለ ፎጣ ከጣቶች ሥር አድርገው በደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር በዝግታ መነሣትና መውረድን በየሁለት ቀኑ የሠሩት፥ ጅማቱን ብቻ ካፍታቱት ይልቅ በ3 ወር ውስጥ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን ሁለቱ ወገኖች ተቀራርበዋል። ሦስተኛው ተረከዙ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ማድረግ፥ በጫማም ውስጥ ድጋፍ መጨመር ነው። አራተኛው የመቆሙን ሰዓት መከፋፈልና የሰውነት ክብደት በዝቶ እንደ ሆነ መቀነስ ነው።

አብዛኞቹ ሕመምተኞች በዚህ መንገድ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላቸዋል፤ ነገር ግን የሚሻላቸው በሳምንት አይደለም። ወራት ይፈጃል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ከዓመት በላይ ይቈያል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች «አልረዳም» የሚለውን ቃል የሚቀበሉት ይህ ሁሉ ቢያንስ 6 ወር ያህል በትጋት ከተሠራ በኋላ ነው።

ስድስቱ ወር ካለፈ በኋላ

እንግዲህ በሽታው በእርግጥ ታውቆ፥ ሕክምናውም በትጋት ተሠርቶ፥ ሕመሙ ግን አልለቅ ያለ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ እንደ ደረጃ ቀስ እያሉ የሚወጡባቸው መንገዶች አሉ።

ከመንገዶቹ አንዱ የግፊት ሞገድ ነው፤ ሐኪሞች ሾክ ዌቭ ይሉታል። ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ1980 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ሐኪሞች የኩላሊት ጠጠርን ሰውነት ሳይቀዱ ከውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ መሰባበር ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ይኸው ሞገድ ኃይሉ ተመጥኖ ለተጎዱ ጅማቶች መዋል ጀመረ። በ2000 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሌላ ሕክምና ላልተሻለው የተረከዝ ሕመም እንዲሠራበት ፈቀደ። ሞገዱ ጠጠርን እንደሚሰብር አጥንቱን አይሰብርም፤ አሠራሩ ገና በሙሉ ባይታወቅም የሕመምን ስሜት እንደሚቀንስና የጅማቱን መጠገን እንደሚያነቃቃ ይታሰባል። ጥናቶቹ ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ አይናገሩም። በ2002 በአውስትራሊያ በ166 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ከማስመሰያው ሕክምና የተለየ ጥቅም አላገኘም። በ2008 በ245 ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ ሞገዱን ካገኙት ከመቶ 61 ሲሻላቸው፥ የማስመሰያውን ሕክምና ካገኙት የተሻላቸው ከመቶ 42 መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ሞገዱ ብዙዎችን ይረዳል፤ ብዙዎች ደግሞ በጊዜና በተስፋ ብቻ ይሻላቸዋል። መሣሪያው በየሐኪም ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቍስል ስለማይተው ከቢላዋ በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

ሌላው መንገድ መርፌ ነው። እናቴ የተወጋችው ኮርቲዞን የሚባለው ነው። በ2012 በአውስትራሊያ በ82 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ኮርቲዞን ሕመሙን በ4ኛው ሳምንት ከማስመሰያው መርፌ ይበልጥ እንደ ቀነሰ፥ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ግን ልዩነቱ እንዳልቈየ አሳይቷል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእናቴን ሦስት መርፌዎች አስታወስሁ፤ ልክ እንደዚሁ ነበርና። ደጋግሞ መወጋት አደጋም አለው። በ1998 በአሜሪካ በታተመ ጥናት የዚህ ሕመም ካለባቸው 765 ሰዎች መካከል የ51ዱ ጅማት ተበጥሶ ተገኝቷል፤ ከነዚህም 44ቱ ቀደም ብሎ ኮርቲዞን የተወጉ ነበሩ። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ ተረከዝን እንደ ትራስ የሚደግፈውን ስብ ሊያሳሳ ይችላል። ስለዚህ ኮርቲዞን አንድ ጊዜ ለማሳረፍና በዚያ ፋታ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ይጠቅም ይሆናል እንጂ በየወሩ የሚደጋገም አይደለም። ከበሽተኛው ከራሱ ደም ተቀድቶ፥ በመሣሪያ ተሽከርክሮና ተጣርቶ የሚወጋ ሌላ ዓይነት መርፌም አለ። በ2019 የታተመ የሆላንድ ጥናት ይህ መርፌ ከዓመት በኋላ ከኮርቲዞን የተሻለ ሆኖ እንዳገኘው ይገልጻል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ስለ ቀዶ ጥገና

ቀዶ ጥገና የመጨረሻው ደረጃ ነው። ይህን ስል ቀዶ ጥገና ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ሲደረግ ከብዙ ሥቃይ ያሳርፋል። ነገር ግን ምን እንደሚቈረጥና ለምን እንደሚቈረጥ ማወቅ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የውስጥ እግር ጅማቱን በከፊል መቍረጥ ነው። የተወጠረው አውታር በከፊል ሲላላ ሕመሙ ይቀንሳል ተብሎ ነው። ጥንት በሰፊ ቍስል ይሠራ ነበር፤ በ1991 ባሬትና ዴይ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሚሠሩበትን ዘዴ ጽፈዋል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከጅማቱ ስፋት ከግማሽ በላይ ላለመቍረጥ ይጠነቀቃሉ። ምክንያቱን አንባቢው ከላይ ከደጋኑ ምሳሌ ያገኘዋል፤ አውታሩ ጨርሶ ሲበጠስ ደጋኑ ይዘረጋልና የእግር ጕብጠት ይወርዳል፤ በውጭው የእግር ጎንም አዲስ ሕመም ይጀምራል። ሌሎቹ አደጋዎች የነርቭ መጎዳት፥ ቍስል ማመርቀዝና የሕመሙ ተመልሶ መምጣት ናቸው። ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ወደ ሙሉ ሥራ ለመመለስም ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ያስፈልጋል። እንደ እናቴ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ይህ ጊዜ ራሱ ዋጋ ነው፤ ደንበኞች ሌላ ጋጋሪ ፈልገው ይሄዳሉና።

ሁለተኛው ዓይነት የሚሠራው በተረከዝ ላይ ሳይሆን በባት ላይ ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ታሪክ ልጨምር። ኒልስ ሲልፈርሾልድ የተባሉት ስዊድናዊ በ1912 በስቶክሆልም የኦሎምፒክ ጨዋታ ከአገራቸው የጂምናስቲክ ቡድን ጋር የወርቅ ሜዳልያ ያገኙ ሰው ናቸው፤ በኋላም የአጥንት ሐኪም ሆኑ። በ1924 በስማቸው የሚጠራውን ምርመራ ጻፉ። ምርመራው ይህ ነው፤ ሕመምተኛው ጕልበቱን ዘርግቶ እግሩ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ጕልበቱ ታጥፎ ይደገማል። ጕልበቱ ሲዘረጋ እግሩ አልታጠፍ ብሎ፥ ጕልበቱ ሲታጠፍ ግን እሺ ካለ፥ ያጠረው ከጕልበት በላይ የሚነሣው የባት ጡንቻ ነው ማለት ነው። ይህ ጡንቻ በወፍራሙ ጅማት አማካይነት ተረከዝን ወደ ላይ ይጎትታል፤ እርሱ ባጠረ ቍጥር የውስጥ እግሩ አውታር አብሮ ይወጠራል።

እንዲህ ባለው ሰው ላይ ሐኪሙ የተረከዙን ጅማት ሳይነካ ይህን የባት ጡንቻ ሊያላላ ይችላል፤ ስትሬየር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጡንቻውን የማላላት አንዱን ዘዴ በ1950 ጽፎታል። በ2013 በስፔን አገር ሐኪሞች ጅማታቸው የተቈረጠ 30 ሕመምተኞችን ባታቸው ከላላ ሌሎች 30 ጋር አነጻጸሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 60፥ ከሁለተኞቹ ከመቶ 95 በውጤቱ ተደስተው አገኟቸው። ቍጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ ነገሩ በዚህ ተዘጋ አይባልም፤ ነገር ግን ሕመሙ ያለበት ቦታና የሕመሙ ምንጭ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል።

የእናቴ ነገር እንዴት ሆነ?

ሐኪሙ እናቴን በዚሁ ዘዴ መረመሯት። ጕልበቷ ሲዘረጋ ቀኝ እግሯ አልታጠፍ አለ፤ ሲታጠፍ ግን ታጠፈ። «እናቴ፥ የርስዎ ነገር ከባትዎ ይጀምራል» አሉና ግድግዳ ተደግፋ፥ የኋላ ጕልበቷን ሳታጥፍ፥ ተረከዟን ከመሬት ሳታነሣ ባቷን የምታፍታታበትን መንገድ አሳዩዋት። የጧቱንም የጣት መሳብ፥ የደረጃውንም እንቅስቃሴ ጨመሩላት። ነጠላ ጫማዋን ትታ ተረከዙ ወፍራም የሆነ ሸራ ጫማ እንድታደርግና ከምጣዱ ፊት ወፍራም የጎማ ምንጣፍ እንድታነጥፍ አዘዟት። «በነሐሴ ይመለሱ፤ ያን ጊዜ ካልተሻለዎ ስለ ሞገዱና ስለ ቀዶ ጥገናው እንነጋገራለን፤ በር አልዘጋንም» አሏት።

እኔ ቍጥሩን ያዥ ሆንሁ። ሌሊት በ10 ሰዓት አብሬ እየተነሣሁ ከአልጋዋ ሳትወርድ 10 እስኪሞላ እቈጥርላት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምንም ለውጥ አላየንም፤ እንዲያውም በጾሙ ወራት ትእዛዙ ሲበዛ ብሶባት ነበር። በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ሌሊት «ዛሬ ሳልይዘው ተራመድሁ» አለችኝ፤ የአልጋውን ራስጌ ማለቷ ነው። በነሐሴ ወደ ሐኪሙ ስንመለስ ሕመሙ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር፤ ስለ ቀዶ ጥገናም ሳንነጋገር ተመለስን። ዛሬ ፈጽማ ድናለች ብዬ አልዋሽም፤ ብዙ ቆማ በዋለችበት ቀን ማታ ማታ ይሰማታል። ነገር ግን ታነክስ የነበረችው ሴት ዛሬ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። በዕቁቡም ገንዘብ ሦስተኛው ምጣድ ተገዝቷል።

እናቴ ስለ ተሻላት ሁሉም እንደርሷ ይሻለዋል ማለት አይደለም። በሙሉ ትጋት ሠርቶ የማይሻለው ሰው አለ፤ ለርሱ ሞገዱም፥ መርፌውም፥ ቀዶ ጥገናውም የተዘጋጁ ናቸውና ማፈርም መፍራትም አይገባውም። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ተረከዙን የሚያመው ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ ራሱን እንዲያክም ሳይሆን ወደ ሐኪም ሲሄድ ሦስት ጥያቄዎች ይዞ እንዲሄድ እመኛለሁ። በሽታዬ በእርግጥ ይህ ነውን? እስካሁን ያደረግሁትስ በሙሉ ተደርጓልን? የሚቈረጠው ምንድን ነው፥ ለምንስ ነው?

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ስለ ተረከዝ ማሰባቸው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በቤታችን ሌሊት ሌሊት እስከ 10 ስቈጥር ትርጕሙ በሚገባ ገብቶኛል። እናንተም ወላጆቻችሁ ጧት ከአልጋቸው ሲወርዱ እግራቸውን አስተውሉ፤ የሚያነክሱ ከሆነ «ያልፋል» ሲሉ አትመኗቸው፤ «ቶሎ ይቈረጥ» ለማለትም እንደኔ አትቸኵሉ።